የሕዋስ ሞት ትምህርትና የመተማ ቆላ፦ በአንድ የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ ላይ የቀረበ ሂስ

የፓቶሎጂ ትምህርት የሚጀምረው በሕዋስ ጉዳትና ሞት ነው። ተማሪው ስለ ዕጢም ሆነ ስለ ኢንፌክሽን ከማንበቡ በፊት ሕዋስ ጫና ሲደርስበት ምን እንደሚያደርግ፣ እስከ የት እንደሚቋቋም፣ ከየትኛው ደረጃ በኋላ መመለስ እንደማይችልና በመጨረሻም እንዴት እንደሚሞት ይማራል። በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ይህን ርእስ ከሚያቀርቡ መጻሕፍት መካከል «ሮቢንስ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን ያህል ተሰሚነት ያገኘ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። መጽሐፉ በስታንሊ ሮቢንስ አዘጋጅነት ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ራምዚ ኮትራን፣ ቪኔይ ኩማር፣ አቡል አባስና ጆን አስተር በየዘመናቸው በአዘጋጅነት ተጨምረውበት፣ ዐሥረኛው እትም በ2020 ለንባብ በቅቷል። ብዙ ሐኪም ከትምህርት ቤት ከወጣ ከዓመታት በኋላም ስለ ኔክሮሲስና አፖፕቶሲስ ሲጠየቅ በዐይነ ኅሊናው የሚመጣለት የዚሁ መጽሐፍ ሥዕልና ሰንጠረዥ ነው።

ምዕራፉ በእርግጥ ግሩም ነው። ጉዳት አድራሹ ሺህ ዓይነት ቢሆንም ሕዋሱ የሚጎዳባቸው በሮች ግን ጥቂት መሆናቸውን ማለትም የማይቶኮንድሪያ መዳከም፣ የኃይል ምንጭ የሆነው ኤ.ቲ.ፒ. መሟጠጥ፣ የሽፋን መቀደድ፣ የካልሲየም ወደ ውስጥ መግባት፣ የዲ.ኤን.ኤ. መበላሸትና የኦክስጅን ውላጆች መከማቸት መሆናቸውን እንደዚህ አጥርቶ ያስረዳ ጽሑፍ ማግኘት ያስቸግራል። ከዕውቀት ጋርም አብሮ ተጉዟል። ኬር፣ ዋይሊና ከሪ በ1972 በስኮትላንድ አፖፕቶሲስ ብለው የሰየሙት፣ ቅጠል ከዛፍ እንደሚረግፍ ሁሉ ሕዋስ በራሱ ሥርዓት የሚረግፍበት ክንውን፣ በ2002 ለሦስት ተመራማሪዎች የኖቤል ሽልማት ያስገኘ ጉዳይ ሲሆን በመጽሐፉ ውስጥ የነበረው ቦታም በየእትሙ እየሰፋ መጥቷል። ኔክሮፕቶሲስና ፓይሮፕቶሲስ የተባሉት ኋላ የታወቁ የሞት መንገዶችም ተጨምረዋል።

ሂሱ የሚጀምረው ከምሳሌዎቹ ነው። የምዕራፉ ዋነኛ ምሳሌዎች ደም የተቋረጠበት የልብ ጡንቻ፣ በአልኮል የተጎዳ ጉበት፣ ከልክ በላይ በተወሰደ ፓራሲታሞልና በካርቦን ቴትራክሎራይድ የተመረዘ ጉበት፣ በደም ሥር መጥበብ የጠቆረ እግር ናቸው። እነዚህ ምሳሌዎች የባዕድ አገር ናቸው የሚለው ወቀሳ ብዙ ጊዜ ቢሰማም ክብደት ሊሰጠው አይገባም። የልብ ጡንቻ መሞት ዛሬ በጎንደርም በአዲስ አበባም የሚታይ ነው፤ ጸሐፊዎቹም በየሆስፒታላቸው ያዩትን መጻፋቸው አያስነቅፍም። ችግሩ ሌላ ነው። ምሳሌዎቹ በአንድነት ሲነበቡ ለተማሪው ሳይነገረው አንድ ሰዋስው ያስተምሩታል፤ ሕዋስ ከሞተ በሽታ አለ፣ ሕዋስ ከተረፈ ጤና አለ የሚል። መጽሐፉ ለዚህ ደንብ የሚያስቀምጠው ልዩ ሁኔታ አለው፤ መሞት ሲገባው ያልሞተ ሕዋስ ካንሰርን ወይም ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበትን በሽታ ያስከትላል ይላል። ተላላፊ በሽታን በሚመለከት ግን ምዕራፉ በዋናነት የሚያወሳው በቫይረስ የተያዘ ሕዋስ እንዴት እንደሚሞት ነው። ተሕዋስ የገባበት ሕዋስ ባለመሞቱ ምክንያት ሰው የሚሞትበት በሽታ በዚህ ምዕራፍ ተገቢውን ቦታ አላገኘም።

የዚህን ሰዋስው ወሰን ለመፈተን ከምዕራብ ጎንደር ቆላ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ከጎንደር ከተማ ወደ ምዕራብ ወርዶ፣ ገንዳ ውኃን አልፎ እስከ መተማ ዮሐንስና እስከ ሱዳኗ ጋላባት የሚዘልቀው፣ በሰሜንም በምዕራብ አርማጭሆ በኩል ወደ ሑመራ የሚቀጥለው ምድር የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። በክረምት ለአረም፣ በመኸር ለአጨዳ ከደጋው ብዙ ሺህ የቀን ሠራተኛ ይወርድበታል። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲያቆም ይሰነጠቃል። ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ የተባለችው የአሸዋ ዝንብ ከዚህ ዓይነቱ አፈርና ከግራር ዛፍ ጋር የተቆራኘች ስትሆን፣ ሌሊት ከእርሻው ዳር ሜዳ ላይ የተኛውን ሠራተኛ ነክሳ ሌሽማንያ ዶኖቫኒ የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ታስተላልፍበታለች። የተሕዋሱ ስም በ1903 በየፊናቸው ለይተው የጻፉበትን የሌሽማንንና የዶኖቫንን ስም አጣምሮ ይዟል። በሽታው ካላ አዛር ነው። ሰፋፊ እርሻዎች በተስፋፉበት በ1970ዎቹ በመተማና በሑመራ በሠራተኞች መካከል በወረርሽኝ መልክ ከታየ ወዲህ ከአካባቢው ጠፍቶ አያውቅም። ሕክምና ካልተገኘ ከ100 ሕሙማን ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል።

ተሕዋሱ ወደ ቆዳ እንደገባ ማክሮፋጅ በሚባለው ነጭ ሕዋስ ይዋጣል። የማክሮፋጅ ተግባር የዋጠውን ባዕድ አካል በከረጢት ይዞ ከላይሶዞም ጋር በማገናኘት በአሲድና በኢንዛይም ማድቀቅ ነው። ሌሽማንያ በላዩ ላይ ባለው ሊፖፎስፎግሊካን የተባለ ልባስ አማካይነት የከረጢቱን መብሰል ያዘገያል፤ በዚህ ባገኘው ፋታ ጅራቱን አሳጥሮ፣ ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር የሚያህል ድቡልቡል አካል ሆኖ፣ ለሌላው ጀርም መቃብር በሆነው አሲድ ውስጥ መባዛት ይጀምራል። እዚህ ላይ የሕዋስ ሞት ጥያቄ ይመጣል። ውስጡ በጠላት የተሞላ ሕዋስ ራሱን ቢያጠፋ ጥገኛውን መጠለያ ያሳጣው ነበር። ሙርና ማትላሼቭስኪ በ1994 ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት ግን በሌሽማንያ ዶኖቫኒ የተያዙ የአይጥ ማክሮፋጆች፣ ለሕልውናቸው የሚያስፈልጋቸው የዕድገት ንጥረ ነገር ሲነፈጋቸው ካልተያዙት ይልቅ ዘግይተው ይሞታሉ። ተሕዋሱ አስተናጋጁን ከመግደል ይልቅ ዕድሜውን ያራዝምለታል ማለት ነው። የተራዘመው ዕድሜ የሕዋሱ ትርፍ ቢመስልም ኪሳራው የሕመምተኛው ነው፤ ጣፊያው፣ ጉበቱና መቅኒው ሞትን በዘገዩ፣ ግን ሥራቸውን መሥራት በተሳናቸው ማክሮፋጆች ይሞላል።

ምዕራፉ ኔክሮሲስንና አፖፕቶሲስን ጎን ለጎን የሚያነጻጽርበትን ዝነኛ ሰንጠረዥ ከዚህ አንጻር መመልከት ይጠቅማል። ሰንጠረዡ የሕዋሱን መጠን፣ የኑክለሱን ዕጣ፣ የሽፋኑን ሁኔታና የይዘቱን መፍሰስ ካነጻጸረ በኋላ በአካባቢው ብግነት መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል። ለኔክሮሲስ «ብዙ ጊዜ አለ»፣ ለአፖፕቶሲስ «የለም» የሚል መልስ ይሰጣል። ትክክል ነው። አፖፕቶሲስ ጭምት ሞት ነው፤ ሕዋሱ ፎስፋቲዲልሴሪን የተባለውን የሽፋን ቅባት ከውስጥ ወደ ውጭ ገልብጦ «አንሡኝ» የሚል ምልክት ይሰጣል፤ ማክሮፋጅም ያለ ጫጫታና ያለ ብግነት ይውጠዋል። ተማሪው ይህን ሲያነብ ጭምትነቱን እንደ ንጽሕና፣ እንደ በጎ ነገር ይቀበለዋል። ጭምትነቱ ለጥገኛ ተሕዋስ የሚከፍተው ቀዳዳ ግን አልተነገረውም። የአሸዋ ዝንብ ከምትተፋቸው ተሕዋስያን መካከል ከፊሎቹ በመሞት ላይ ያሉና ይህንኑ ምልክት ያወጡ መሆናቸውን፣ እነዚህ በሌሉበት ግን የተረፉት በሽታ የማስከተል ዐቅማቸው እንደሚዳከም ቫን ዛንድበርገንና ባልደረቦቹ በ2006 በሌሽማንያ ሜጀር ላይ ባደረጉት ጥናት አመልክተዋል። በሌላው የዚህ ዘር ተሕዋስ በሌሽማንያ አማዞኔንሲስ ላይ ደግሞ ሕያው የሆነው ተሕዋስ ራሱ ያንኑ ቅባት በላዩ አውጥቶ መገኘቱ ተመዝግቧል። የሞተ መስሎ መግባት ነው። «ብግነት የለም» የሚለው የሰንጠረዡ ረድፍ በመተማ በኩል ሲነበብ ስለ በሽታው አጀማመርም የሚናገር ይሆናል።

በካላ አዛር የማይሞት ሕዋስ እንዳለ ሁሉ መሞት የማይገባው ሲሞትም ይታያል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከታከሙ የካላ አዛር ሕሙማን መካከል፣ እንደየቦታውና እንደየጊዜው፣ ከአምስት አንዱ ወይም ከሦስት አንዱ የሚሆኑት ኤች አይ ቪም በደማቸው ተገኝቶ ነበር። በኤች አይ ቪ የሚሞቱት ሲዲ4 ሊምፎሳይቶች ደግሞ በጭምት መንገድ ብቻ አይሞቱም። በሊምፍ ኅብረ ሕዋስ ውስጥ የሚያልቁት አብዛኞቹ በፓይሮፕቶሲስ፣ ማለትም በፍንዳታና በብግነት እንደሚሞቱ ከ2014 ወዲህ ማስረጃ ቀርቧል። እነዚሁ ሊምፎሳይቶች ናቸው ማክሮፋጁ የያዘውን ተሕዋስ እንዲገድል ትእዛዝ የሚሰጡት። በአንድ ሠራተኛ ጣፊያ ውስጥ፣ አንዱ ከሌላው አጠገብ፣ ሞቱ የዘገየ ማክሮፋጅና ያለ ጊዜው የፈነዳ ሊምፎሳይት አሉ። የሞት መንገዶችን ልዩነት ለማስተማር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ይገኛል ብሎ መገመት ያዳግታል።

የመላመድ ክፍልም እንዲሁ ነው። ምዕራፉ ሕዋስ ሲኮስስ ለማሳየት በጀሶ የታሰረ እግርንና ያረጀ አንጎልን ያቀርባል። የካላ አዛር ሕመምተኛ ጣፊያው እስከ እምብርቱ ወርዶ፣ እጁና እግሩ ግን ቆዳና አጥንት ሆኖ ይመጣል። በአንዱ አካል የሕዋስ መብዛት፣ በሌላው የሕዋስ መኮሰስ በአንድ ጊዜ ይታያል፤ የጡንቻው ሕዋስ ግን አልሞተም፤ ሕመሙ በፈጠረው ረኃብ የራሱን ፕሮቲን እየበላ ራሱን አሳንሶ ቆይቷል፤ ሕክምና ሲያገኝ ይመለሳል። ሊቀለበስ የሚችል ለውጥ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ጀሶ የለም።

ነገሩ የማስተማሪያ ውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላከራከረ። ከአልጋው አጠገብ ያለው ሐኪም ግን በየቀኑ የሚወስነው በዚሁ ሰዋስው ነው፤ ይልቁንም በመድኃኒቶቹ ላይ። የካላ አዛር ሕክምና ሕዋስን በመግደል ላይ የተመሠረተ ሕክምና ሲሆን፣ መድኃኒቶቹ የጥገኛውን ሕዋስ ከሕመምተኛው ሕዋስ የሚለዩበት ኅዳግም ጠባብ ነው። ለረጅም ዘመን ዋና ሆኖ የቆየው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የአንቲሞን ውሕድ ነው። በሰውነት ውስጥ ወደ ሌላኛው የአንቲሞን ዓይነት ሲለወጥ የተሕዋሱን የመከላከያ ኬሚካል ያሟጥጣል፣ የኦክስጅን ውላጆች ይከማቹበታል፣ ዲ.ኤን.ኤ.ው ይቆራረጣል። ይህ መጽሐፉ ስለ ኦክስጅን ውላጆች ጉዳት ከሚያስተምረው ጋር አንድ ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የልብ ጡንቻንና የቆሽትንም ሕዋስ ይነካል። በልብ ምት መዛባት ወይም በቆሽት ብግነት የሞተ የካላ አዛር ሕመምተኛ በበሽታው ሳይሆን በሕክምናው ሊሞት ይችላል፤ ኤች አይ ቪ ያለበት ሕመምተኛ ደግሞ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

በሕክምናው የመጀመሪያ ሳምንት ማብቂያ ላይ ሕመምተኛው ሆዱን አሞት ማስመለስ ቢጀምር ሐኪሙ ምን ያስባል? ሕዋስ የሚሞተው በበሽታ ነው የሚለውን ይዞ የወጣ ከሆነ በሽታው እንደ ጠና ቆጥሮ መርፌውን ይቀጥላል። በሕክምና ውስጥ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት በአንድ መድኃኒት እየሞቱ መሆናቸውን የተማረ ከሆነ ግን ስለ ቆሽት ያስባል፣ መርፌውን ያቆማል። ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ነው፤ ምርመራ በቀላሉ በማይገኝበት የጤና ተቋም ደግሞ ከሐኪሙ ሐሳብ ሌላ የሚያስጠነቅቅ ነገር ላይኖር ይችላል።

የሌሎቹ መድኃኒቶች ታሪክም ተመሳሳይ ትምህርት ይዟል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ በተመከረው ሕክምና ስቲቦግሉኮኔት ከፓሮሞማይሲን ጋር ተጣምሮ ለ17 ቀናት እንዲሰጥ አደረገ፤ ቀድሞ ስቲቦግሉኮኔት ብቻውን 30 ቀን ይሰጥ ስለነበር የአንቲሞኑ መጠን በዚያው ልክ ቀነሰ። ፓሮሞማይሲን ግን የራሱ ሰለባ አለው፤ በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን ፀጉራም ሕዋሳት ሊገድል ይችላል፤ እነዚህ ሕዋሳት ከሞቱ በሰው ልጅ ዳግም አይበቅሉም። መጽሐፉ መከፋፈል የማይችሉ ሕዋሳት ሲሞቱ ጉዳቱ ዘላቂ መሆኑን ለማስረዳት የልብ ጡንቻንና ነርቭን ይጠቅሳል፤ ድኖ ወደ ሰሊጥ አጨዳ የተመለሰ፣ ባልደረባው ሲጠራው ግን የማይሰማ ወጣትም የዚያው ትምህርት ምሳሌ ነው። አምፎተሪሲን በበኩሉ የሽፋን ትምህርት ነው። የተሕዋሱ ሽፋን ኢርጎስቴሮል፣ የሰው ሕዋስ ሽፋን ግን ኮሌስትሮል ስለሚይዝ መድኃኒቱ የመጀመሪያውን መርጦ ይበሳል፤ ምርጫው ፍጹም ስላልሆነ የኩላሊት ቱቦ ሕዋሳትም ይጎዳሉ፤ በቅባት ከረጢት ተጠቅልሎ ሲሰጥ ግን ጉዳቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ለካንሰር ታስቦ የተሠራው ሚልቴፎሲን ከዚህ ዓይነቱ አምፎተሪሲን ጋር ተጣምሮ ኤች አይ ቪ ላለባቸው ሕሙማን እንዲሰጥ የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 የመከረው በጎንደርና በአብደራፊ በተካሄደ ጥናት ጭምር ተመሥርቶ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ የሕክምና መመሪያ በመተማና በአርማጭሆ ሠራተኞች ላይ በተገኘ ዕውቀት ሲለወጥ፣ የሕዋስ ሞት ምዕራፍ ግን ስለዚያው ዕውቀት ዝም ማለቱ ያስገርማል።

ለፍትሕ ሲባል መባል ያለበት አለ። መጽሐፉ ካላ አዛርን ጨርሶ አልረሳም። ብዙ ምዕራፎች አልፈው በተላላፊ በሽታዎች ክፍል ውስጥ ይገኛል፤ ተሕዋሱ በማክሮፋጅ ውስጥ እንዴት እንደሚኖርም እዚያ በአግባቡ ተጽፏል። ጉዳዩ የተነጠለ መሆኑ ነው። መርሑ በመጀመሪያው ክፍል ከልብና ከጉበት ጋር ይቀመጣል፤ የቆላ በሽታ ደግሞ ኋላ፣ ከመርሑ ርቆ፣ በዝርዝር መልክ ይመጣል። ተማሪውም አንደኛውን እንደ ሳይንስ፣ ሁለተኛውን እንደ መረጃ ይዞ ይወጣል።

የበለጠ ሊወቀስ የሚገባው ግን የውጭው መጽሐፍ አይደለም። በካርተር ማዕከል ድጋፍ ይካሄድ በነበረው የኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና ሥልጠና መርሐ ግብር አማካይነት በ2004 በኢትዮጵያውያን መምህራን ለጤና ሳይንስ ተማሪዎች የተዘጋጀ የጠቅላላ ፓቶሎጂ የማስተማሪያ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ መጽሐፍ ለሌለው ተማሪ ትልቅ ባለውለታ ነው፤ አቀራረቡ ግልጽ፣ መጠኑም ልከኛ ነው። ሌሽማንያንም ይዟል። የት ነው የያዘው? «የተመረጡ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች» በሚለው የመጨረሻ ምዕራፍ። ስለ ሕዋስ ጉዳት የሚናገረው ምዕራፍ ግን ሁለተኛ ሆኖ፣ የሮቢንስን ፈለግ ተከትሎ ተጽፏል። የቦስተን ጸሐፊ የራሱን ሕሙማን በመርሑ ምዕራፍ ማስቀመጡ የሚጠበቅ ነው። ኢትዮጵያዊው ጸሐፊ የራሱን ሕሙማን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ግን ሌላ ምክንያት ሊኖረው አይችልም፤ ቅደም ተከተሉን እንዳለ ተቀብሎ አልጠየቀውም ማለት ነው። ያውም በዚያው ጊዜ ከቆላ በተመለሱ ሠራተኞች እንደ ተዛመተ የሚታመነው ካላ አዛር በሊቦ ከምከም ደጋ መንደሮች ሰው ይፈጅ ነበር። በሽታው መድኃኒት የተለማመደ ወባ ነው ተብሎ ከቆየ በኋላ ማንነቱ የታወቀው በ2005 ነው። ደጋ ላይ ካላ አዛር የለም የሚል እምነት፣ እንዲሁም ትኩሳትና የጣፊያ ማበጥ ሲታይ የሚፈነዳውን ቀይ የደም ሕዋስ ብቻ ማሰብ፣ በውስጡ ጥገኛ ይዞ የሚኖረውን ማክሮፋጅ ሳያሳስብ እንደ ቀረ መገመት ይቻላል።

ምሳሌ የሚጎድልበት አገር አይደለም። ኔክሮሲስን ለማሳየት በዚሁ ቆላ በማሳ ውስጥ በእባብ የተነደፈ እግር አለ፤ የእፉኝት መርዝ በያዘው ፎስፎሊፔዝ ሽፋንን፣ በፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞቹ ደግሞ የደም ሥርን ግድግዳ ያፈርሳል፤ መጽሐፉ በብዙ ገጽ የሚያስረዳው የሽፋን መቀደድ በሰዓታት ውስጥ በዐይን ይታያል። የሳንባ ነቀርሳን ኔክሮሲስ አውሮፓውያን በእነርሱ አይብ መስለውታል፤ ነጭ፣ ፍርፍር የሚለውን ያን ኅብረ ሕዋስ በእርግጥ የሚመስለው ግን የአገራችን አይብ ነው፤ የፈረንጅን አይብ ቀምሶ የማያውቅ የጎንደር ተማሪ ከስሙ ባለቤቶች ይልቅ ሊገባው ይችላል።

በዚህ ሂስ ላይ ሊነሣ የሚችል ብርቱ ተቃውሞ አለ። ስለ ሌሽማንያና ስለ ማክሮፋጅ ሞት የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከአይጥና ከሌሎች የሌሽማንያ ዝርያዎች ነው፤ በሌሽማንያ ዶኖቫኒ በታመመ ሰው ጣፊያ ውስጥ ምን ያህሉ እንደሚሠራ በቀጥታ የታየው ጥቂት ነው። ጥገኛው ራሱ በመድኃኒት ሲሞት የሚያሳየው ለውጥ አፖፕቶሲስ መባል ይገባዋል ወይስ አይገባውም በሚለውም ላይ ተመራማሪዎች አልተስማሙም፤ ተሕዋሱ ካስፔዝ የተባሉት ኢንዛይሞች የሉትምና። የመማሪያ መጽሐፍ የጸናውን ብቻ መያዝ አለበት የሚል ሰው ይህን ሊያነሣ ይችላል። ክርክሩ ተገቢ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ አያሳምንም። ኔክሮፕቶሲስም ሆነ ፓይሮፕቶሲስ ወደ መጽሐፉ የገቡት በሰው በሽታ ውስጥ ያላቸው ድርሻ ሙሉ በሙሉ ከመታወቁ በፊት ነው፤ ጸሐፊዎቹም ይህንን አልሸሸጉም። ላልጸናው ዕውቀት የተፈቀደው ቦታ ለቆላው በሽታ የሚከለከልበት ምክንያት የለም።

ደግሞም ጥያቄው የሚመለስበት ናሙና እጅ ላይ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌሽማንያ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ካላ አዛርን ለማረጋገጥ ከጣፊያ በቀጭን መርፌ የሚወሰደው ጠብታ በስላይድ ላይ ተዘርግቶ፣ በጊምሳ ተቀልሞ፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ጥገኛዎቹ ተቆጥረው ከ1 እስከ 6 ባለው መለኪያ ይመዘገባሉ። መለኪያው የሚቆጥረው ጥገኛውን ነው። በዚያው ስላይድ ላይ ግን ማክሮፋጁ አለ፤ ኑክለሱ ሙሉ ነው ወይስ ተሸብሽቧል፣ ሽፋኑ ጸንቷል ወይስ ተቀዷል፣ በዙሪያው ያሉት ሊምፎሳይቶች ሕያዋን ናቸው ወይስ ተፈረካክሰዋል የሚለውን ለማየት ሌላ መርፌ አያስፈልግም። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በሱዳን ጦርነት ምክንያት ብዙ ሕዝብ በመተማ በኩል ድንበር ተሻግሯል፤ ከድንበሩ ማዶ ያለው ገዳሪፍም የካላ አዛር አገር ነው። የሚቆጠሩት ስላይዶች በዚህ ምክንያት እንደማይቀንሱ መጠበቅ ይቻላል። ቀጣዩ የአገር ውስጥ ማስተማሪያ ሲዘጋጅ የንጽጽር ሰንጠረዡ ከጎኑ ሦስተኛ ዓምድ ሊጨመርለት ይችላል፤ ርእሱ «ያልሞተ ሕዋስ»፣ ምሳሌው የመተማ ማክሮፋጅ፣ «ብግነት» በሚለው ረድፍ ትይዩ ያለው ሣጥን ደግሞ ለጊዜው ባዶ ሆኖ፣ ተማሪው ስላይዱን አይቶ እንዲሞላው።